የዓለቱን ስም ማን ነገራቸው?

በስኮትላንድ ደቡብ ምሥራቅ ጠረፍ፣ በበርዊክሻየር፣ አይማውዝ የምትባል የዓሣ አጥማጆች ከተማ አለች። ከወደቧ መግቢያ ፊት ለፊት ሐርካር የሚባሉ ዓለቶች አሉ። የእንዲህ ያሉ ቦታዎች ስም ካርታ ላይ ከመስፈሩ በፊት በአንድ የእጅ ጽሑፍ ውስጥ ያልፍ ነበር፤ የስም መዝገብ ይሉታል።

መዝገቡን ያዘጋጀው ኦርድናንስ ሰርቬይ የተባለው የብሪታንያ የካርታ ሥራ ተቋም ነው። የበርዊክሻየሩ የተጠናቀረው እ.ኤ.አ. ከ1856 እስከ 1858 ባለው ጊዜ ነው። ገጹ በዓምዶች የተከፈለ ነው። መጀመሪያ ስሙ ይጻፋል፤ ቀጥሎ ሰዎች የሚጽፉባቸው የተለያዩ አጻጻፎች ይደረደራሉ፤ ከጎናቸው ምስክሮቹ በየስማቸው ይጠራሉ። በመጨረሻም ቦታው የት እንደሚገኝና ምን እንደሚመስል በጥቂት መስመሮች ይገለጻል። ኮረብታም ሆነ ምንጭ፣ የፈረሰ ቤተ ክርስቲያንም ሆነ ወፍጮ ቤት የራሱ መግለጫ አለው።

እኔን ከሁሉም የሚይዘኝ የምስክሮቹ ዓምድ ነው። ቄሱ፣ የትምህርት ቤቱ መምህር፣ ባለርስቱ ደጋግመው ይመጣሉ። ይህ እንዲሁ የሆነ ነገር አይመስልም። ተቋሙ ቆይቶ፣ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ፣ ለሠራተኞቹ ያወጣው መመሪያ፣ ትናንሽ ገበሬዎችና ጎጆ ነዋሪዎች ለሚኖሩበት ቦታ ስም እንኳ፣ በተለይ ለአጻጻፉ፣ የሚታመኑ እንዳልሆኑ በግልጽ ይናገራል። በእኔ እምነት ይህ ትልቅ ስሕተት ነበር። የባሕር ዓለትን ስም በየቀኑ የሚጠራው በጀልባው የሚያልፍበት ሰው ነው፤ ልጁ ስሙን የሚማረው ለሕይወቱ ሲል ነው። ደግነቱ ቀያሾቹ ምስክሩን በስሙ ስለጻፉት፣ ዛሬ የማን ቃል እንደተሰማና የማን እንደቀረ ከገጹ ላይ ማየት እንችላለን። ያልተመረጠው አጻጻፍም አልጠፋም፤ የአካባቢውን ሰው አነጋገር ለሚያጠና ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠቅመው እሱ ነው።

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 1881 ዓርብ ዕለት በድንገት የተነሣ ማዕበል በዚህ ጠረፍ 189 ዓሣ አጥማጆችን ገደለ። ከእነሱ 129ኙ የአይማውዝ ሰዎች ነበሩ። ወደ ቤታቸው ሊገቡ ጥቂት የቀራቸው ጀልባዎች ቤተሰብ ከዳር ቆሞ እያየ ሐርካር ላይ ተሰባበሩ። ቀያሾቹ ስም ሲጠይቁ ወጣት ከነበሩት የከተማዋ ዓሣ አጥማጆች መካከል በዚያ ቀን ባሕር ላይ የነበሩ መኖራቸው አይቀርም።

የእንግሊዝ የስም መዛግብት አብዛኞቹ እ.ኤ.አ. በ1940 ይቀመጡባት የነበረችው የሳውዝሃምፕተን ከተማ በቦምብ ስትደበደብ ወድመዋል፤ የተረፉት የጥቂት አውራጃዎች ብቻ ናቸው። የስኮትላንዶቹ ግን ኤድንብራ በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ተጠብቀዋል፤ ገጾቻቸውም ስኮትላንድስፕሌስስ በተባለው ድረ ገጽ ይነበባሉ። የምትከፍቱ ከሆነ በአይማውዝ ጀምሩ፤ ከስሙም በፊት የምስክሮቹን ዓምድ አንብቡ።