ከሽንኩርት እስከ ልብ ሕዋስ

በ1985 እ.ኤ.አ. በኔዘርላንድስ ዙትፈን ከተማ ዕድሜያቸው ከ65 እስከ 84 የሆኑ 805 ወንዶች የሚበሉትና የሚጠጡት ተመዘገበ፤ አምስት ዓመትም ተከታተሏቸው። ውጤቱ በ1993 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ወጣ። ፍላቮኖይድ የተባሉትን የዕፅዋት ንጥረ ነገሮች አብዝተው ያገኙት ሰዎች፣ እምብዛም ካላገኙት ይልቅ በልብ ሕመም የመሞት ዕድላቸው ያነሰ ነበር። ንጥረ ነገሮቹ በአብዛኛው የመጡት ከሻይ፣ ከሽንኩርትና ከፖም ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ግን በዌልስ ኬርፊሊ የተደረገ ጥናት ይህን ጥቅም አላገኘም። እዚያ ሻይ የሚያበዙት ሲጋራም የሚያበዙ የጉልበት ሠራተኞች ነበሩ። ምግብን ከአኗኗር ነጥሎ መመዘን እንዲህ ያስቸግራል፤ ስለዚህ ሕዋሱ ውስጥ ገብቶ ማየት ያስፈልጋል።

የልብ ሕዋስ ሲጎዳ፣ ታስሮ የቆየው ኤንኤፍ ካፓ ቢ የተባለ ፕሮቲን ይፈታና ወደ ሕዋሱ አስኳል ይገባል፤ እንደ ቲኤንኤፍ አልፋና ኢንተርሊውኪን 6 ያሉ የብግነት መልእክተኞች እንዲመረቱም ያደርጋል። ብግነት በራሱ ጠላት አይደለም። የሞተውን ሥጋ የሚያጸዳውና ቁስሉ እንዲጠግግ የሚያደርገው እሱ ነው። ጉዳቱ የሚመጣው ሳይበርድ ሲቀር ነው፤ ያኔ የልብ ጡንቻ በጠባሳ እየተተካ ይደድራል። ሽንኩርት ውስጥ ያለው ኩዌርሴቲን የተባለ ፍላቮኖይድ በቤተ ሙከራ ሲፈተሽ የዚህን ፕሮቲን ጉዞ ይገታል፤ መልእክተኞቹም ይቀንሳሉ።

ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን የቤተ ሙከራ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ የሚፈተሹት ሕዋሳት ከአይጥ ፅንስ ልብ የተገኙ ናቸው። የሚጨመርባቸው ኩዌርሴቲን ደግሞ በአሥሮች ማይክሮሞላር የሚለካ ሲሆን፣ ሽንኩርት በበላ ሰው ደም ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ማይክሮሞላር እንኳ አይሞላም። ያም ቢሆን በአንጀትና በጉበት አልፎ መልኩን የቀየረ ነው። የዱቄትና የእንክብል ማስታወቂያዎች የሚዘሉት ይህን ልዩነት ነው፤ የታመመ ሰው ተስፋውን የሚጥልበት ነገር እንዲህ ተሸርፎ ሊነገረው አይገባም።

የእኛ ጤና አዳም የቅርብ ዘመድ ከሆነው ተክል በ1842 የወጣው ሩቲንም የኩዌርሴቲን ዝርያ ነው፤ ከስኳር ጋር ተጣምሮ የሚገኝ። በ1995 የደች ተመራማሪዎች ባደረጉት ሙከራ ከሽንኩርት የተገኘው ኩዌርሴቲን 52 በመቶ ወደ ሰውነት ሲገባ፣ ከሩቲን የገባው 17 በመቶ ብቻ ነው። የሽንኩርት ኩዌርሴቲን በብዛት የሚገኘው በውጨኛው ሽፋን ስለሆነ አብዝቶ መላጥ ያባክነዋል። ሲቀቀል ወደ ውሃው የሚወጣውም ወጥ ውስጥ አይጠፋም፤ ከመረቁ ጋር ይበላል።

ብግነትን መግታት ልብን እንደሚጠቅምስ በሰው ላይ ተረጋግጧል። በ2017 ካንቶስ የተባለው ጥናት ቀድሞ ድንገተኛ የልብ ሕመም የደረሰባቸውን 10,061 ሰዎች ይዞ፣ አንድን የብግነት መልእክተኛ የሚያግድ መርፌ ፈተነ። ኮሌስትሮል ሳይቀንስ የልብ ሕመሙ፣ ስትሮኩና በእነዚህ የሚመጣው ሞት በአንድነት በ15 በመቶ ያህል ቀነሰ። ግን ለሞት የሚያበቃ ኢንፌክሽን ጨመረ፤ ብግነትን ማዳከም ዋጋ አለው። የፍላቮኖይድ ትልቁ ፈተና ኮስሞስ ነው። በአሜሪካ ከ21,442 አረጋውያን ግማሾቹ በየቀኑ 500 ሚሊግራም ፍላቫኖል የተባለውን የካካዎ ፍላቮኖይድ ወሰዱ። በ2022 እንደተነገረው የልብና የደም ሥር አደጋዎች በ10 በመቶ ቢቀንሱም፣ ልዩነቱ በአጋጣሚ ሊመጣ የሚችል ነው። በእነዚሁ ሕመሞች የሚከሰተው ሞት በ27 በመቶ ቀንሷል፤ ሆኖም የጥናቱ ዋና ጥያቄ ያ አልነበረም። ከገንዘቡም ከፊሉ የመጣው ከቸኮሌት አምራቹ ማርስ ነው። እኔ ተስፋ አያለሁ፤ ማረጋገጫ ግን አላይም።

ለኢትዮጵያ ይህ ሩቅ ክርክር አይደለም። ብዙ ልጆቻችንን የሚጎዳው የሩማቲክ የልብ ሕመም ራሱ ከብግነት ይመጣል፤ በባክቴሪያ የታመመ ጉሮሮ ሳይታከም ሲቀር የሰውነት መከላከያ ዞሮ የልብን ቫልቭ ያጠቃል። የሚከላከለው በጊዜው የተሰጠ ፔኒሲሊን ነው፤ አንዴ ለታመመውም በየሦስትና አራት ሳምንቱ የሚወጋው መርፌ። የትኛውም ቅጠል ይህን አይተካም። ቫልቩ ተቀይሮ ዋርፋሪን የተባለውን ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት የሚወስድ ሰው የቅጠል ዱቄት በድንገት ቢጀምር፣ በቅጠሉ ያለው ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ኃይል አዳክሞ ቫልቩ ላይ ደም ሊያረጋ ይችላል። ቁጣ ፈርቶ ቅጠሉን የሚደብቅ ሕመምተኛ ስላለ፣ ሐኪሙ ሳይቆጣ መጠየቅ አለበት።