የላንድሮቨሩ የመስታወት ፍሬም

የድሮ ላንድሮቨር ያለው ሰው ስለ ሞተሩ አውርቶ አይጠግብም። የፊት መስታወቱን ስለ ተሸከመው ፍሬም ግን ሲነሳ አልሰማም። ለእኔ ከመኪናው ሁሉ ብልህ ሥራ ያለው እዚያ ነው።

መኪናው በ1948 እ.ኤ.አ. አምስተርዳም ላይ ለሕዝብ ታየ። አካሉ በአብዛኛው አሉሚኒየም ነው፤ ፍሬሙ ግን ብረት። ግራና ቀኝ በማጠፊያ ስለተያዘ፣ ጣሪያው ከወረደ ወደ ኮፈኑ ይተኛል።

መስታወቱ ሁለት ጠፍጣፋ ቁራጭ ነው። ጠፍጣፋ በመሆኑ የሚንቁት አሉ፤ እኔ ግን የማደንቀው ለዚሁ ነው። ጎባጣ መስታወት ሲሰነጠቅ ልኩን ፍለጋ አዲስ አበባ ያስኬዳል፤ ይህንን ግን እጁ የሰላ መስታወት ቆራጭ በአካባቢው ያወጣዋል። በመካከሉ ፕላስቲክ ያለው ድርብ መስታወት ይሁን እንጂ! የቤት መስኮት መስታወት የምታስገቡ፣ እባካችሁ ተዉ፤ ሲሰበር ስለቱ የሚመጣው ፊት ላይ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ስህተት። በበጋ ወሎ ውስጥ ከመርሳ ወደ ግራና የነዳ ሰው አቧራውን፣ በክረምት የነዳ ደግሞ ጉልበት ላይ የሚንጠባጠበውን ውሃ ያውቃል። ሁሉም የሚሮጠው ወደ ሲሊኮን ነው። መርሳ ላይ ፍሬሙ ዙሪያውን እንደ ጭቃ ግድግዳ የተለሰነ መኪና አይቻለሁ፤ ውሃው ግን ያው መግባቱን አልተወም። ሲሊኮን ውሃውን ብረቱ ላይ አፍኖ ዝገት ያፋጥናል፤ በኋላ ፍሬሙን የሚፈታውም በመፈልቀቂያ ያጣምመዋል።

ችግሩ ያለው የአጠባበቅ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ብዙ ሰው የማጠፊያውን ቡሎን መጀመሪያ ጥርቅም አድርጎ ያጠብቅና ጣሪያውን በግድ ይጎትትበታል። ፍሬሙ ይጠማዘዛል፤ ሥሩ ያለው ጎማ አንድ ጎን ተጨፍልቆ ሌላው ጎን ይከፈታል። ድንጋይ ሳይነካው ጥግ ላይ የሚሰነጠቀው መስታወትም ብዙ ጊዜ የዚህ ውጤት ነው።

ትክክለኛው ቅደም ተከተል ይህ ነው። የድሮው ጎማ ይውጣ፤ መቀመጫው ከዝገትና ከቀለም ቅርፊት ይጽዳ። አዲሱ ጎማ ከገባ በኋላ ፍሬሙን አስቀምጡና ቡሎኖቹን በእጅ ብቻ አስይዙ። ጣሪያውንም እንዲሁ። ከዚያ ሁለቱን በሮች ዝጉና በበሩና በፍሬሙ መካከል ያለውን ክፍተት ከላይ እስከ ታች እዩ። ከላይ ከሰፋ ፍሬሙ ወደ ፊት አዘንብሏል፤ ጣሪያው ሳይጠብቅ በእጅ መልሱት። ክፍተቱ ከበሩ ወገብ በታችም የተዛባ ከሆነ ፍሬሙን አትውቀሱ፤ የተጣመመው እሱን የተሸከመው የብረት ግድግዳ ነው፣ ሥራውም የላሜራ ባለሙያ ነው። ክፍተቱ ሲስተካከል አንድ ሰው ፍሬሙን ወደ ታች ይጫን፣ ሌላው ግራና ቀኙን እያፈራረቀ በትንሽ በትንሹ ያጥብቅ። የጣሪያው ቡሎኖች መጨረሻ ይጠብቃሉ።



እናም ክረምት ከመግባቱ በፊት መኪናችሁ የሚያፈስ ከሆነ፣ ሲሊኮን ከመግዛታችሁ አስቀድማችሁ ቡሎኖቹን አላሉና በሮቹን ዝጉ፤ ክፍተቱን እዩ።