በሁለት ባቡሮች መካከል፦ ስለ ጣቢያ ማረፊያ ክፍል

ስለ ባቡር ጉዞ የሚጠይቅ ሰው አስቀድሞ የሚያነሣው ሁለት ነገር ነው፤ ዋጋውንና ፍጥነቱን። ከአንዱ ባቡር ወርዶ ሌላው እስኪነሣ ድረስ የት እንደሚቀመጥ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በረጅም መንገድ ላይ ይህ የመካከሉ ጊዜ ግማሽ ቀን ሊፈጅ ይችላል፤ መንገደኛውም ሻንጣውን ይዞ፣ ሌሊቱን በወጉ ሳይተኛ፣ በማያውቀው ከተማ የሚያሳልፈው ጊዜ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የጣቢያ ማረፊያ ክፍል ለምን እንደሚያስፈልግ፣ ለማን እንደሚከፈትና እንዴት እንደሚጠቀሙበት ማስረዳት ነው። ለምሳሌ የመረጥነው በአሜሪካ የሚገኘውን የቺካጎ ዩንየን ጣቢያ ነው። በዋሽንግተን ከሚኖሩት ወገኖቻችን አንዱ በዴንቨር ወይም በሲያትል ያለ ዘመዱን በባቡር ሊጠይቅ ቢነሣ ባቡር የሚለውጠው በዚህ ነውና። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ጥበቃው ከየት መጣ? በ19ኛው መቶ ዓመት የአሜሪካን ሐዲድ የዘረጉት እርስ በርሳቸው የሚፎካከሩ የግል ኩባንያዎች ነበሩ። ከምሥራቅ የመጡት ሐዲዳቸውን ቺካጎ ላይ አቆሙ፤ ወደ ምዕራብ የሚሄዱትም ከዚያው ከቺካጎ ጀመሩ። እያንዳንዱ በየፊናው ጣቢያ ስለ ሠራ መንገደኛው ከአንዱ ጣቢያ ወርዶ፣ ከተማውን አቋርጦ፣ ወደ ሌላው መሄድ ነበረበት። በ1925 የተከፈተው ዩንየን ጣቢያ ከኩባንያዎቹ አንዳንዶቹን በአንድ ጣራ ሥር ሰበሰበ። በ1971 አምትራክ የተባለው ድርጅት የመንገደኛ ባቡሮችን ማስኬድ ከጀመረ ጥቂት ቆይቶ ሩቅ የሚሄዱት ሁሉ ወደዚሁ ጣቢያ ተጠቃለሉ። የጥንቱ አሠራር ግን አልተለወጠም። ዛሬም ቺካጎን የሚነካ አገር አቋራጭ ባቡር ሁሉ እዚያው ይጨርሳል ወይም ከዚያው ይጀምራል እንጂ አልፎ አይሄድም።

ሁለተኛው ምክንያት ሆነ ተብሎ የተደረገ ነው። ከዋሽንግተንና ከኒውዮርክ ተነሥተው ሌሊቱን የሚጓዙት ባቡሮች ቺካጎ የሚገቡት ጧት ሲሆን ወደ ምዕራብ የሚሄዱት የሚነሡት ከቀትር በኋላ ነው። ባቡሮቹ ከሚሄዱበት ሐዲድ የሚበዛው የዕቃ ጫኝ ኩባንያዎች ንብረት ስለሆነ መንገድ ላይ መዘግየት የተለመደ ነው። ስለዚህ በመካከሉ የተተወው ጊዜ መጠባበቂያ ነው፤ የጧቱ ባቡር ሁለት ሰዓት ቢዘገይ መንገደኛው የቀኑን ባቡር አያጣም። ተጓዡ ሁለቱን ባቡሮች በአንድነት አያይዞ ገዝቶ እንደሆነና በፊተኛው መዘግየት ኋለኛው ቢያመልጠው ካሰበበት የማድረስ ኃላፊነት የድርጅቱ ነው። ለየብቻ ከገዛ ግን ጉዳቱ የራሱ ይሆናልና ትኬት ሲቈረጥ ይህን ማስታወስ ይበጃል።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ነገር አለ። ጥበቃው የመንገደኛው ስንፍና ወይም ዕድለ ቢስነት አይደለም። የጉዞውን ሰዓት ያወጣው ክፍል ራሱ ያዘጋጀው፣ የጉዞው አንድ ክፍል ነው።

በጣቢያው ውስጥ ሁለት ዐይነት ማረፊያ አለ። አንደኛው ሜትሮፖሊታን ላውንጅ የተባለው የተለየ ሳሎን ነው። የአሁኑ ሳሎን የተከፈተው በ2016 ሲሆን በሩ ላይ ትኬት ይጠየቃል። የሚገቡት በዕለቱ በመኝታ ክፍል የሚጓዙ፣ የቢዝነስ ማዕረግ ትኬት የያዙና አዘውትረው በመጓዝ ከፍ ያለ የደንበኝነት ደረጃ ያገኙ ናቸው። ሌላው መንገደኛ ቦታ ሲኖር የዕለት ክፍያ ከፍሎ ሊገባ ይችላል። በውስጡ ለስላሳ ወንበር፣ ቡናና ቀላል ምግብ፣ የሻንጣ ማስቀመጫና ገላ መታጠቢያ ይገኛል። ሌሊቱን በባቡር ላደረ ሰው ከሁሉ የሚበልጠው ገላ መታጠቢያው ነውና እንደ ገቡ ወዲያው መጠየቅ ነው።

ሁለተኛው ታላቁ አዳራሽ ነው። ርዝመቱ 219 ጫማ የሆነ የመስተዋት ጣራ ከላይ ብርሃን ያወርድበታል፤ ከሥሩም ረጃጅም የእንጨት አግዳሚ ወንበሮች አሉ። ርካሹን ትኬት የያዘ፣ ማለት እንደኛ ያለ ተማሪ፣ የሚቀመጠው እዚህ ነው። እርሱም ሦስት ነገር ቢያውቅ ጊዜውን በደኅና ያሳልፋል። አንደኛ፣ ባቡሩ ሻንጣ የሚቀበል እንደሆነ ከባዱን ሻንጣ እስከ መጨረሻው ጣቢያ አስመዝግቦ መስጠት ነው፤ እጁ ነፃ ያልሆነ ሰው ለመጸዳጃ እንኳ መነሣት ያስቸግረዋል። ሁለተኛ፣ ባቡሮቹ የሚነሡት ከአዳራሹ ሳይሆን ከመንገዱ ማዶ ካለው ክፍል በኩል ስለሆነ ሰዓት ሳይደርስ በሩን አይቶ መመለስ ነው። ሦስተኛ፣ ጊዜ ከተረፈ ወጣ ማለት ነው። ከጣቢያው አጠገብ ያለውን ወንዝ ተሻግሮ የአዳምስን ጎዳና ወደ ምሥራቅ የተከተለ ሰው ሁለት ኪሎ ሜትር ሳይሞላ የታወቀውን የቺካጎ የሥነ ጥበብ ተቋም ያገኛል።

ይህ ሁሉ የመቀመጫ ነገር ተራ ጉዳይ መስሎ የሚታየው ሰው ይኖር ይሆናል። ታሪክ ግን እንዲህ አይልም። ጋንዲ በ1893 በደቡብ አፍሪካ፣ በፒተርማሪትዝበርግ ጣቢያ፣ የአንደኛ ማዕረግ ትኬት ይዞ ሳለ ከባቡር ተገፍትሮ ወርዶ የክረምቱን ሌሊት ያሳለፈው በጣቢያው ማረፊያ ክፍል በብርድ ነበር። በአሜሪካም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1896 በባቡር ጉዳይ በሰጠው ፍርድ ዘርን መለየት ሕጋዊ ነው ካለ በኋላ በደቡቡ ክፍል ለነጮችና ለጥቁሮች የተለያየ ማረፊያ ክፍል ጸንቶ ኖረ። ከክፍለ ግዛት ወደ ክፍለ ግዛት በሚሄዱት ባቡሮችና በማረፊያ ክፍሎቻቸው ይህን የሚከለክል ውሳኔ የወጣው በኅዳር 1955 ነው፤ የጸናውም በጥር 1956። እንዲያም ሆኖ በ1961 ወጣቶች በደቡቡ አውቶቡስ ጣቢያዎች በተከለከሉበት ክፍል በመቀመጣቸው ተደብድበዋል፣ ታስረዋል። የማረፊያ ክፍል በር ማን እንደ ሰው እንደሚቈጠር የሚታይበት በር ሆኖ ቈይቷል ማለት ነው።

ዛሬ የሚለየው ቀለም ሳይሆን ገንዘብ ነው። ለመኝታ የከፈለ ሰው የተሻለ ወንበር ማግኘቱ በራሱ ነውር አይደለም። ነውር የሚሆነው የሳሎኑ ምቾት እየጨመረ ሲሄድ አዳራሹ የተረሳ እንደሆነ ነው። ጥበቃው የጉዞው ክፍል ነው ካልን ትኬት የቈረጠ ሁሉ የሚገባው ነገር አለ፤ መቀመጫ፣ ንጹሕ መጸዳጃ፣ የሚጠጣ ውሃ፣ ከብርድና ከፀሐይ መጠለያ፣ እንዲሁም ባቡሩ መቼ እንደሚነሣ የሚነግረው ሰው። የአንድ ጣቢያ ደግነት የሚለካው በሳሎኑ ሳይሆን በአዳራሹ ነው።

ነገሩ ከእኛም የራቀ አይደለም። የጅቡቲው ምድር ባቡር በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ በሌሊት አይሄድም ነበርና መንገደኛው ድሬዳዋና አዋሽ እያደረ በሦስት ቀን ይደርስ ነበር። የአዋሽ ቡፌ ስሙ የገነነው ባቡር ሲቆም ሰው የሚበላበትና የሚያርፍበት ስለ ነበረ ነው። በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ያን የሦስት ቀን መንገድ አሳጥሮታል። ሆኖም በ2015 ሥራው የተጀመረው፣ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ሐራ ገበያ የሚሄደው መሥመር፣ ከጅቡቲው መሥመር ጋር የሚገናኘው እዚያው አዋሽ ላይ ነው። ሁለት መሥመር በተገናኘበት ባቡር መለወጥ፣ ባቡር መለወጥ ባለበትም መጠበቅ አይቀርም። ስለ አዲሱ ባቡር ስንነጋገር ስለ ፍጥነቱ ብቻ ሳይሆን የወሎ ገበሬ ሚስት ከነልጇ አዋሽ ላይ የት ቁጭ እንደምትል ከአሁኑ መጠየቅ የተማረ ሰው ሁሉ ፋንታ ነው።