የመምህሩ መሣሪያ፦ ደብተር ወይስ ስልክ?

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላል ያገራችን ሰው። መምህር ደግሞ በቃሉ ሊይዘው የማይችለው ብዙ ነገር አለበት። ዓመታዊ ዕቅዱ፣ ዕለታዊ ዕቅዱ፣ የስም መጥሪያው፣ የተከታታይ ምዘናው ውጤት፣ የስብሰባው ቀን፣ ሁሉም ይጠብቁታል። ጆርጅ ሚለር የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1956 ባወጣው ጽሑፍ፣ ሰው በአንድ ጊዜ በአእምሮው ይዞ ሊቆይ የሚችለው 7 ያህል ነገር ነው ብሎ ነበር። ከሱ በኋላ የተነሡ ተመራማሪዎች ቁጥሩን ወደ 4 ዝቅ አድርገውታል። ታዲያ 50 እና 60 ተማሪ የሚይዝ መምህር ጭንቅላቱን ብቻ ተማምኖ እንዴት ይዘልቀዋል? መጻፉ ግድ ነው። ጥያቄው «በምን ላይ እንጻፍ?» የሚለው ነው።

ይህ ጸሐፊ ለማስተማር ልምምድ በወጣበት ጊዜ የ58 ተማሪዎችን ውጤት በስልኩ ላይ ብቻ ይዞ ነበር። ውጤት ማስረከቢያው ሁለት ቀን ሲቀረው ስልኩ ሲሚንቶ ላይ ወደቀና አልነሣም አለ። የልጆቹን ደብተር ለቅሞ ውጤቱን እንደገና መመዝገብ ሆነ። አንዲት ልጅ ግን ደብተሯን ጥላዋለች። «ቲቸር፣ እኔ እኮ ከ10 9 ነው ያገኘሁት!» አለች። ማረጋገጫ የለም። ቢሰጧት ሌላውን መበደል፣ ቢነሷት እሷን መበደል ሊሆን ነው። በመጨረሻ ለብቻዋ ተፈተነችና 6 አገኘች። ቀድሞ በእርግጥ 9 አግኝታ እንደነበረ እስከ ዛሬ አይታወቅም። ስልኩ የመምህሩ ቢሆንም የጠፋው ውጤት የልጅቷ ነበር።

ስለሆነም መሣሪያ ስንመርጥ ሦስት ጥያቄዎችን እናንሣ።

አንደኛ፣ የት ቆመን ነው የምንጠቀምበት? በአንድ እጁ ጠመኔ የያዘ መምህር በሌላው ስልክ ሲነካካ ቢታይ ተማሪው «ፌስቡክ እያየ ነው» ይላል። ለስም መጥሪያ፣ ለዕለታዊ ዕቅድና በክፍል ውስጥ ለሚሰጥ ማርክ ወረቀት ይሻላል። ቻርጅ አይጨርስም፤ መብራት ቢጠፋም ይነበባል።

ሁለተኛ፣ ስሌት አለበት ወይ? ድምርና ደረጃ ማውጣት ላይ ኤክሴልን የሚያህል ረዳት የለም። ሁለት ልጆች እኩል አምጥተው 3ኛ ቢወጡ፣ ቀጣዩን ራሱ 5ኛ ያደርገዋል። ነገር ግን ጥንቃቄ ይሻል። የደረጃውን ቀመር ወደ ታች ስንገለብጥ የውጤቶቹን ክልል በዶላር ምልክት ካላሰርነው፣ ክልሉ አብሮ ወደ ታች ይንሸራተታል። ያን ጊዜ በመጨረሻው መስመር ላይ ያለው ልጅ ምንም ያምጣ ምን «1ኛ» ሆኖ ይገኛል! ስለዚህ ሮስተሩን ከማስረከባችን በፊት የሦስት አራት ልጆችን ውጤት በእጃችን ደምረን እናመሳክር።

ሦስተኛ፣ ቢጠፋ የሚጎዳው ማነው? የሚጎዳው ተማሪ ከሆነ መረጃው በሁለት ቦታ መቀመጥ አለበት። ኮምፒዩተሩና ፍላሹ በአንድ ቦርሳ ከተቀመጡ ሁለት ቦታ አይባልም፤ ሌባው አብሮ ይወስዳቸዋል። ቀላሉ ዘዴ ዘወትር ዓርብ የማርክ መዝገቡን በስልክ ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም ለራስ መላክ ነው። ለራስ ነው ያልነው እንጂ ለክፍሉ ግሩፕ አይደለም፤ የልጅ ውጤት ገበያ አይወጣም።

ስልክ ለማስታወሻ ደወልም ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ሰዓቱን ልብ እንበል። በፈረንጅ አቆጣጠር በሚሠራ ስልክ ላይ የጠዋቱ 2 ሰዓት 8፡00 ነው። «2፡00 ጠዋት» ብሎ የሞላ ሰው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ይባንናል። ቀኑም እንዲሁ ነው። ትምህርት ቤቱ የሚሠራው በመስከረምና በጥቅምት ሲሆን፣ ስልኩ የሚቆጥረው በሴፕቴምበርና በኦክቶበር ሊሆን ይችላል። የፈተና ቀናትን የኢትዮጵያን ቀን በያዘ የግድግዳ ካላንደር ላይ ማክበብ ከስሕተት ያድናል።

በመጨረሻ፣ አንዱን ጉዳይ ግማሹን በደብተር፣ ግማሹን በስልክ፣ የቀረውን በቁራጭ ወረቀት የሚይዙ አሉ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። ለእያንዳንዱ ጉዳይ አንድ ዋና መዝገብ ይኑር፤ ሌላው የሱ ግልባጭ ይሁን። ሁለቱ ቢለያዩ የትኛው እንደሚታመን አስቀድሞ ይታወቅ።

እናንተስ ሥራችሁን በምን ትይዛላችሁ? መምህራንም ሠልጣኞችም የተሻለ ዘዴ ካላችሁ ጻፉና ከዚህ ጽሑፍ ጎን ለጥፉልን። ለልምምድ ከመውጣታችን በፊት ብንማማር ይበጀናል።