ለቅሶና ተውኔት፦ አንድ የቴአትር ተማሪ የተማረው ልዩነት

በ1970ዎቹ መጀመሪያ በተቋቋመው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል ለመጀመሪያ ዲግሪ ስማር፣ የዘመናዊ ቴአትራችን ፈር ቀዳጅ ሆኖ የቀረበልን «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ነበር። በሩሲያና በፈረንሳይ የተማሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1913 ዓ.ም. ገደማ የደረሱት ይህ ተውኔት በእንስሳት ተረት ሹማምንትን ስለነቀፈ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታግዷል።

እኔ ግን በመቄት ወረዳ፣ ፍላቂት ሳድግ ተውኔት አላየሁም፤ ያየሁት ለቅሶ ነው። ስለዚህ የመመረቂያ ጽሑፌን «ለቅሶ እንደ ቴአትር» ብዬ ሰየምኩ። አልቃሿ ተዋናይ፣ የሟች ልብስና ጠመንጃ የመድረክ ቁሳቁስ፣ ለቀስተኛው ተመልካች መሰለኝ።

መረጃ በምሰበስብበት ወቅት አያቴ አረፉ። ደብተሬን ይዤ ከለቀስተኛው ዳር ቆምኩ። አልቃሿ የአያቴን ሙያ በግጥም ስታነሣ ቆይታ ስሜን ጠራች። መልሱ ከእኔ ይጠበቅ ነበር፤ ደብተሬን አጥፌ ወደ መካከል ገባሁ።

የጎደለኝን ያን ጊዜ ተረዳሁ። በቴአትር ተዋናዩ ሌላ ሰው ይመስላል፤ ተመልካቹም ማስመሰል መሆኑን እያወቀ አምኖ ያያል። በለቅሶ ግን አልቃሿ ሟቹን ታወሳለች እንጂ ሟቹን ሆና አትተውንም፤ ለቀስተኛውም ተቀባይ እንጂ ተመልካች አይደለም። ሁለቱም ክዋኔ ቢሆኑም የቆሙበት ውል ይለያያል። ለቅሶን ለማክበር ቴአትር ማለት አያሻም።

ወደ ዩኒቨርሲቲ ስመለስ በመጀመሪያ የቀየርኩት የጽሑፌን ርእስ ነበር።