በ13 ቀን የተሻረ ጥናት

ግንቦት 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላንሴት የተባለው ስመ ጥር የብሪታንያ የሕክምና ጆርናል አንድ ጥናት አወጣ። በስድስት አህጉራት ካሉ 671 ሆስፒታሎች የ96,032 የኮቪድ ሕሙማን መረጃ ተሰብስቦ ሲመረመር፣ ሃይድሮክሲክሎሮኪን የተባለውን መድኃኒት ከወሰዱት መካከል የሞቱት በዝተው ተገኙ ይላል። በሦስተኛው ቀን የዓለም ጤና ድርጅት በመድኃኒቱ ላይ የሚያካሂደውን ሙከራ ለጊዜው ማቆሙን አስታወቀ።

ጥርጣሬው የተነሣው ከአንባቢዎች ነው። ጥናቱ ከአውስትራሊያ 73 ሟቾችን መዝግቧል፤ በዚያው ወቅት በመላ አገሪቱ በይፋ የታወቀው ሞት ግን 67 ነበር። የአፍሪካው ደግሞ ከዚህ ይብሳል። በአህጉሩ ከደረሰው የኮቪድ ሞት 40 በመቶ ያህሉ፣ የእያንዳንዱን ሕመምተኛ ዝርዝር በኮምፒውተር በሚይዙ ጥቂት ሆስፒታሎች ውስጥ የደረሰ ያስመስል ነበር። በእኛ አገር ካርድ ክፍል ፊት ተሰልፎ የወረቀት ፋይሉ እስኪገኝ የጠበቀ ሰው ይህን ቁጥር በቀላሉ አይቀበለውም።

ከመቶ በላይ ሳይንቲስቶች በግልጽ ደብዳቤ ማብራሪያ ጠየቁ። መረጃውን ያቀረበው ሰርጂስፊር የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ነው፤ ኃላፊውም ከአራቱ ጸሐፊዎች አንዱ ነበር። ገለልተኛ መርማሪዎች ሙሉ መረጃውን ሲጠይቁ ኩባንያው አልሰጥም አለ። የቀሩት ሦስት ጸሐፊዎች ለመረጃው እውነተኛነት ዋስ መሆን እንደማይችሉ ተናግረው ጥናቱ እንዲሻር ጠየቁ። ግንቦት 27 ቀን ተሻረ።

መሻር ማለት ደብዛውን ማጥፋት አይደለም። ጽሑፉ እንዳለ ይቀመጣል፤ «የተሻረ» የሚል ምልክት ይደረግበታል፤ ማን እንደሻረውና ለምን እንደሆነ የሚገልጽ ማስታወቂያም ይወጣል። ቀድሞ ያነበበውና የጠቀሰው ሰው ማወቅ አለበታ! ይኸው ጆርናል በ1990 ዓ.ም. ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘ፣ በ12 ልጆች ላይ ብቻ የተመሠረተ ጽሑፍ አትሞ ሙሉ በሙሉ የሻረው በ2002 ዓ.ም. ነው። በዚያ 12 ዓመት ውስጥ ብዙ የብሪታንያ ወላጆች ፈርተው ልጆቻቸውን ከክትባት አስቀርተዋል። የዘገየ እርማት ምን ያህል እንደሚጎዳ ከዚህ የበለጠ ማሳያ አላውቅም።

«ታዲያ ገምጋሚዎቹ የት ነበሩ?» የሚል አይጠፋም። ገምጋሚ አብዛኛውን ጊዜ ያለክፍያ፣ ከራሱ ሥራ በተረፈ ሰዓት የሚያነብ ባለሙያ ነው። የሚደርሰው ጽሑፉና ሰንጠረዡ እንጂ የሆስፒታሉ መዝገብ አይደለም። ስሌቱ ሲዛባ ሊያይ ይችላል፤ የተፈጠረ ሕመምተኛን ከእውነተኛው የሚለይበት መንገድ ግን እምብዛም የለውም። ስለዚህ ትልቁ ሸክም የሚያርፈው ስሙን በጽሑፉ ላይ ባኖረው ተመራማሪ ላይ ነው። የሕክምና ጆርናል አዘጋጆች ዓለም አቀፍ ኮሚቴም ጸሐፊ የሚባለው ለሥራው ሁሉ ተጠያቂ ለመሆን የተስማማ ሰው መሆኑን ደንግጓል። በእኔ እምነት የዚህ ጥናት ከባዱ ጥፋት ጥሬ መረጃውን ሳያዩ ስምን መስጠት ነው።

ጥናቱ ከተሻረ ከጥቂት ወራት በኋላ ላንሴት ደንቡን አጠበቀ። ጥሬ መረጃውን በቀጥታ አይተው ያረጋገጡት ጸሐፊዎች ከአንድ በላይ እንዲሆኑ፣ ማንነታቸውም በጽሑፉ ላይ በስም እንዲገለጽ አዘዘ።