የተሳቢ እግርና የዋልካ መሬት

ቢቸና ላይ ጤፍ የተጫነበት ተሳቢ ከሳቢው መኪና ተፈትቶ ሲቀር፣ የፊት ክብደቱን የሚሸከሙት ሁለት የብረት እግሮች ናቸው። ሾፌር ጎማና ፍሬን ሳያይ አይነሣም፤ እነዚህን እግሮች ግን የሚያስታውሳቸው አልንቀሳቀስ ያሉ ዕለት ነው። ይህ ያሳዝነኛል፤ የሚጠይቁት እንክብካቤ ትንሽ ነውና።

አሠራራቸው ቀላል ነው። አንዱ ቱቦ በሌላው ውስጥ ይገባል፤ መሃላቸው እንደ ቡሎን የተጠረበ ረጅም ዘንግ ቆሟል። እጀታው ሲዞር ዘንጉም ይዞርና የውስጡ ቱቦ ይወርዳል ወይም ይወጣል። ሁለቱን እግሮች አግዳሚ ብረት ስለሚያገናኛቸው እኩል ይሄዳሉ። አብዛኞቹ ሁለት ማርሽ አላቸው፤ ፈጣኑ እግሩ መሬት እስኪነካ፣ ከባዱ ጭነት ለማንሣት። በፈጣኑ ጭነት ላንሣ ብሎ የሚታገል ሰው የማርሹን ጥርስ ይጨርሰዋል።

በምሥራቅ ጎጃም ግን ዋናው ጠላት መሬቱ ነው። ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ የሚታየው ዋልካ በበጋ ደርቆ ይሰነጣጠቃል፤ ክረምት ሲገባ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ይላቁጣል። ማታ ቀጥ ብሎ የቆመ ተሳቢ አንድ እግሩ ሰምጦ ተንጋዶ ሊያድር ይችላል። ያን ጊዜ ጭነቱ ወደ አንድ ወገን ያዘነብልና ቱቦው ይጎብጣል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ እግር ሥር ሰፊና ወፍራም ጣውላ ይነጠፍ፤ ጎማውም ታኮ ይደረግለት። ድንጋይ የጣውላን ቦታ አይተካም፤ ይፈነጠራል።

እጀታው መክበድ ከጀመረ አሮጌው ግራሶ ከአቧራ ጋር ተቦክቶ ጥርሱን እንደ ሞረድ እየበላው ነው። ክዳኑ ተፈትቶ፣ ውስጡ በናፍጣ ታጥቦ፣ አዲስ ግራሶ ይግባበት። አንደኛው እግር ሲሄድ ሌላው ከቀረ፣ መጀመሪያ የሚታየው የአግዳሚው ብረት ቡሎን ነው፤ ተቆርጦ ከሆነ በልኩ ይተካ እንጂ በሽቦ አይታሰር። የጎበጠ እግር በእሳት አግሎ ማቅናት ርካሽ ይመስላል፤ ብረቱ ግን ጥንካሬውን ያጣልና መቀየር ይሻላል። በእግሮቹ ብቻ ከተደገፈ ተሳቢ ሥር ማንም አይግባ።

በደጀን አድርጋችሁ ዓባይ በረሃን የምትወርዱ ሾፌሮች፣ ከመነሣታችሁ በፊት እግሮቹ እስከ መጨረሻው ወደ ላይ መውጣታቸውን፣ እጀታውም በማንጠልጠያው መያዙን ወርዳችሁ በዓይናችሁ እዩ።